ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ሩጫ አይደለም፤ ሳይመክሩበት ስለሚጀመር ሥራ፣ ሳያስቡበት ስለሚገባ ውል፣ በጥድፊያ ስለሚፈጸም ጋብቻ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ አባባሉን ወደ ገዛ ሜዳው መልሼ ስለ ሩጫ እንዲናገር ላደርገው እወዳለሁ። የምንነጋገረውም አቀበትና ቁልቁለት በበዛበት፣ መልክዓ ምድሩም ዓይንን በሚማርክ ደጋ አገር ስለሚሮጥ የግማሽ ማራቶን ሩጫና ስለ ዝግጅቱ ነው።

ይህን ርእስ እንዳነሣ ያደረገኝ በመካከላችን ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ ነው። «ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ጀምሮ ሯጭ ነው፤ የደጋ ሰው ደግሞ ዳገት አይበግረውም» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች አገራቸውን ያመሰገኑ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አባባሉ ሁለት ወገኖችን ይጎዳል ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ለላባቸው የሚገባውን ዋጋ ለደማቸው ስለሚሰጥ ባለ ድሎቻችንን ይበድላል። ሁለተኛ፣ እናንተን ወጣቶቹን ያሳስታል። «ጸጋው አለኝ» ብሎ የሚያምነው ሳይዘጋጅ ይወጣል፤ «ጸጋው የለኝም» ብሎ የሚያምነው ደግሞ ከነጭራሹ ሳይሞክር ይቀራል። አንዱም ሌላውም ከመንገዱ ይቀራሉ።

እስቲ ማስረጃውን እንመልከት። አበበ ቢቂላ በጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባዶ እግሩን ነው። ነገሩ ሲተረክም አንድ የባላገር ልጅ ጫማውን ጥሎ እንደ ተአምር ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን የአበበ እግር በዚያ ምሽት ድንገት አልጠነከረም። አስቀድሞ በባዶ እግሩ ይለማመድ ነበር፤ ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋርም በሥርዓት የተዘጋጀ ወታደር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው ሳለ፣ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። በሮም ያሸነፈው ባዶ እግሩ ቢሆን ኖሮ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ባላሸነፈ ነበር። በሁለቱም ከተሞች ያሸነፈው ዝግጅቱ ነው።

ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ተመሳሳይ ነገር ይነገራል። በልጅነቱ በአርሲ ወደ ትምህርት ቤት በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ በእርግጥ ጠቅሞታል። ነገር ግን በገጠራችን ረጅም መንገድ እየሮጠ የተማረ ልጅ እልፍ አእላፍ ነው፤ በጥር 7 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ግማሽ ማራቶንን በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው ግን አንድ ኃይሌ ነው። በልጅነቱ መንገድና በዚያ ቀን መካከል በሺህ የሚቆጠሩ የልምምድ ማለዳዎች አሉ። ለተሰንበት ግደይም በጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በስፔን ከተማ በቫሌንሲያ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጣ የሴቶችን ክብረ ወሰን ስትሰብር በግማሽ ማራቶን ስትወዳደር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ይህን ሰምቶ «ያለ ልምድ አሸነፈች» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ከዚያ ቀን አስቀድሞ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን ያሻሻለች ሯጭ ነበረች። ወገቧን የታጠቀችው ከመሮጧ በፊት ነው።

እናንተ የምትዘጋጁት ክብረ ወሰን ለመስበር ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለታላቁ ሯጭ የሚሠራው ሕግ ለጀማሪውም ይሠራል፤ እንዲያውም በጀማሪው ላይ ይበረታል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠብቃችሁን ነገር በትክክል ማወቅ ይገባችኋል። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ይህ ርቀት በሜዳማ አገርም ቢሆን ቀላል አይደለም። በደጋችን ላይ ሲሆን ደግሞ ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል። አንደኛው አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በ3 አሥረኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሁለተኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ ሰውነት ወደ ፊት ከመጓዝ አልፎ ራሱን ወደ ላይ መሸከም ይኖርበታል።

ከዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «እኛ እኮ በዚህ አየር ተወልደን ያደግን ነን» ቢል እውነቱን ነው። የደጋ ሰው ሰውነት ለሳሳ አየር የተለመደ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን አየሩን የለመደ ሳንባ አለ ማለት ዳገቱን የለመደ ጭን አለ ማለት አይደለም። ሳንባ በመኖር ብቻ ሊለምድ ይችላል፤ ጭን፣ ባት፣ ጉልበትና ጅማት ግን የሚለምዱት በሥራ ብቻ ነው። ከእነዚህም መካከል ጅማትና አጥንት ከልብና ከሳንባ ይልቅ ዘግይተው ይጠነክራሉ። ብዙ ጀማሪ ሯጮች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት የሚጎዱት ስለዚህ ነው። ትንፋሻቸው «ጨምር» ሲላቸው ጅማታቸው «ቆይ» ይላቸዋል፤ እነርሱም ትንፋሻቸውን ብቻ ያዳምጣሉ።

እንግዲህ የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሕግ ትዕግሥት ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ለሯጭ የተነገረ ይመስላል። አሁን ያለ ችግር አንድ ሰዓት በዝግታ መሮጥ የሚችል ጤነኛ ወጣት ለእንዲህ ዓይነቱ ውድድር 12 ሳምንት ቢዘጋጅ በቂ ነው። በሳምንት አራት ቀን መሮጥ ይበቃዋል፤ የቀሩት ቀናት የዕረፍት ናቸው። ዕረፍት ስንፍና አይደለም፤ ጡንቻ በልምምድ የደረሰበትን ጉዳት ጠግኖ የሚጠነክረው በዕረፍት ነው። ከአራቱ ቀናት ሁለቱ የቀላል ሩጫ፣ አንዱ የዳገት፣ አንዱ የረጅም ርቀት ይሁኑ። የረጅሙ ቀን በ8 ኪሎ ሜትር ይጀመርና በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር እየተጨመረበት እስከ 17 ኪሎ ሜትር ይድረስ። በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱ ይቀነስ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታትም ሰውነት ታድሶ ወደ ውድድሩ እንዲገባ ልምምዱ ይቀንስ። ዕድሜያቸው ለጋ የሆነ ተማሪዎች ግን በ5 ወይም በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ቢጀምሩ ይበጃቸዋል፤ ዳገቱ የትም አይሄድም፤ ይጠብቃቸዋል።

የቀላል ሩጫ ቀን ቀላል መሆን እንዳለበት አጥብቄ እናገራለሁ፤ በብዛት የሚጣሰው ይህ ነውና። ወጣት በየቀኑ ጓደኛውን ለመቅደም ይሮጣል። በዚህም ምክንያት ልምምዱ ሁሉ ውድድር ይሆንና በውድድሩ ቀን የሚያወጣው ኃይል ያጣል። መለኪያው ቀላል ነው። እየሮጣችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ትክክል ነው። ንግግራችሁ በየቃሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ፈጥናችኋል። ይህ መለኪያ ሰዓት አያስገዛም፤ ዳገት ላይም ሜዳ ላይም እኩል ይሠራል።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ጀማሪ ዳገቱን ሲያይ እንደ ጠላት ይቆጥረውና በአንድ ጊዜ ሊያሸንፈው ይሮጣል፤ ከመቶ ሜትር በኋላም እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ይቆማል። አዋቂው ግን እርምጃውን ያሳጥራል፤ ከወገቡ ሳይጎብጥ ሰውነቱን በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ዓይኑን ከጋራው አናት አንሥቶ ከፊቱ ባለው ጥቂት ሜትር ላይ ያሳርፋል። ፍጥነቱን ሳይሆን የትንፋሹን መጠን ይጠብቃል። ዳገቱ እጅግ ሲቆም መራመድም ነውር አይደለም፤ በጽኑ ዳገት ላይ ፈጥኖ የሚራመድ ሰው እየሮጠ ከሚንገዳገደው ብዙም አይዘገይም፤ ኃይሉንም ይቆጥባል። ለልምምድ ያህል አንድ ደቂቃ የሚያስወጣ ዳገት መርጦ ስድስት ጊዜ እየወጡ በእርጋታ መመለስ ለሳምንቱ ይበቃል።

ይሁንና በእንዲህ ዓይነቱ ሩጫ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዳገቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዳገት ስንወጣ የጭናችን ጡንቻ እየተኮማተረ ይሠራል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ የሰውነታችንን ክብደት እየገታ፣ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው። ይህ ሥራ ለትንፋሽ ቀላል ስለሆነ ሯጩ አይሰማውም፤ የጡንቻውን ጭረቶች ግን በጥቂቱ ይቀዳድዳቸዋል። ሕመሙ በማግሥቱና በሠልስቱ ይበረታል። በውድድሩ ላይም በመጀመሪያው ቁልቁለት እንደ ልቡ የፈነጠዘ ሯጭ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ጭኑ አልታዘዝ ይለዋል። ደስ የሚለው ነገር ይህ ጡንቻ ፈጥኖ የሚማር መሆኑ ነው፤ ጥቂት ጊዜ በልክ ቁልቁለት የወረደ ጭን በሚቀጥለው ጊዜ ያን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ዳገት መውጣትን የሚለማመድ ሰው ቁልቁለት መውረድንም እንደ ራሱን የቻለ ትምህርት ይለማመደው።

የዚህን ትምህርት ጥሩ መምህራን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ተመልከቱ። ከባድ ሸክም በጀርባቸው ይዘው በዚያ ቁልቁለት ሲወርዱ እርምጃቸው አጭርና ቶሎ ቶሎ ነው፤ ጉልበታቸው በጥቂቱ የታጠፈ ነው፤ ተረከዛቸውን አርቀው መሬት ላይ አይተክሉም። ማንም አሠልጣኝ ያላስተማራቸውን፣ ኑሮ ያስተማራቸውን ይህን አወራረድ ሯጭ ሁሉ ሊማረው ይገባል። እነርሱ ለእንጀራ የሚያደርጉትን እኛ ለደስታ የምናደርገው መሆኑን ስናስብም በሩጫችን መታበይ ይቀርልናል።

ምግብን፣ ውኃንና እንቅልፍን በሚመለከት ብዙ ምስጢር የለም። ለረጅም ሩጫ ኃይል የሚሰጠው እህል ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና እንጀራ ከውጭ አገር ከሚመጡት ምግቦች የማያንሱ የሯጭ ስንቅ ናቸው። ዋናው ነገር በውድድር ቀን አዲስ ነገር አለመሞከር ነው፤ በልምምድ ያልበላችሁትን በውድድሩ ማለዳ አትብሉ፤ በልምምድ ያላደረጋችሁትን ጫማ በውድድሩ ቀን አታድርጉ። የሚጾም ተማሪ ረጅሙን ሩጫ በባዶ ሆዱ ማለዳ ከሚሮጥ የመፍቻ ሰዓት ሲቃረብ ቢያደርገው ወይም በጾሙ ወራት ርቀቱን ቢቀንስ መልካም ነው። የልብ ወይም የመተንፈሻ አካላት ሕመም ያለበትም ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። በጨለማ ብቻችሁን ወደ ጋራ አትውጡ፤ ጅብም መኪናም አለና ጎሕ ሲቀድ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። ለሴት ተማሪዎች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ወንድሞቻቸውና ጓደኞቻቸውም አብረዋቸው በመሮጥ ሊያግዟቸው ይገባል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «ይህን ሁሉ ድካም ለምን? ሜዳማ መንገድ እያለ ዳገት መምረጥ ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈጣን ሰዓት ለማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው በእርግጥ ሜዳማ መንገድ ይምረጥ። ዳገታማው መንገድ የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የዐፄ ምኒልክ መቀመጫ የነበረው እንጦጦ ላይ ወጥቶ፣ በጽዱና በባሕር ዛፉ መካከል ቆሞ፣ ከተማይቱን ቁልቁል ያያት ሰው ያን እይታ በእግሩ ከፍሎ ገዝቶታል። በመኪና የወጣ ሰውም ያንኑ ከተማ ያያል፤ ዳገቱን ግን አያይም። ከዚህም የተነሣ ዳገታማ ሩጫን በደቂቃ መለካት ስሕተት ነው። በሜዳ የሮጣችሁበትን ሰዓት ይዛችሁ ወደ ጋራ አትውጡ፤ ሰዓቱ ያሳዝናችኋል፤ ሐዘኑም ዓይናችሁን ከመልክዓ ምድሩ ይነጥቃችኋል። የመንገዱ ውበት ግን ወጥመድም እንዳለው አትርሱ፤ እይታው ማርኮት ጠጠርና ሥር ሳያይ የወደቀ ሯጭ ብዙ ነው። ለማየት ከፈለጋችሁ ዝግ በሉ፤ ከፈጠናችሁ መንገዱን እዩ።

ሌላም ወገን አለ። «የደኻ ልጅ ለዚህ ጊዜም አቅምም የለውም» የሚል። ይህን ተቃውሞ አቃልዬ አላየውም፤ ከትምህርት በኋላ ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚጠብቅ፣ ወላጆቹን በገበያ የሚያግዝ ተማሪ ጊዜው አጭር ነው። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርሁትን መልሳችሁ ተመልከቱ። አጭር እርምጃ፣ የዕረፍት ቀን፣ በልክ መጨመር፣ ከጓደኛ ጋር እየተነጋገሩ መሮጥ፤ ከእነዚህ በገንዘብ የሚገዛ አንዱ እንኳ የለም። ጥሩ ጫማ ይረዳል፤ ሆኖም ጫማ የሚረዳው የሠለጠነን እግር ነው። ጊዜው አጭር የሆነበት ተማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ሮጦ ዝግጅቱን ከ12 ወደ 16 ሳምንት ቢያራዝመው ከግቡ ይደርሳል። ደጋግሞ የሚሠራ ትንሽ ሥራ አንድ ጊዜ ከሚደረግ ታላቅ ሙከራ ይበልጣል። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብብ ተማሪና ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ጥቂት የሚያነብብ ተማሪ የሚለያዩት በዚህ አይደለምን?

በመጨረሻ የውድድሩ ቀን ይደርሳል። በዚያ ቀን የሚጨመር ጉልበት የለም፤ የሚባክን ጉልበት ግን አለ። ከበሮው ሲመታና ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ልብ ይሞቃል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ኪሎ ሜትሮች በዚያ ሙቀት የሮጠ ሰው ዕዳውን በ15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከነወለዱ ይከፍላል። ስለዚህ ስትነሡ ብዙ ሰው ይቅደማችሁ፤ አትቈጡ። በዳገቱ ላይ ትንፋሻችሁን ጠብቁ፤ በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ራሳችሁን ግቱ፤ ውኃ ባገኛችሁበት ሁሉ ጥቂት ጥቂት ተጎንጩ። ደረታችሁን የሚወጋችሁ፣ ዓይናችሁን የሚያጨልምባችሁ ወይም አንካሳ የሚያደርጋችሁ ሕመም ከመጣ ቁሙ። መንገዱ በሚቀጥለው ዓመትም በቦታው አለ፤ ለጤናችሁ ግን ምትክ የለውም።

ይህን ሁሉ ስመክር ዓላማዬ ሁላችሁም ሯጮች እንድትሆኑ አይደለም። የምቃወመው አንድን ነገር ነው፤ ሰው የሚሠራው በተወለደበት ልክ ብቻ ነው የሚለውን እምነት። ይህን እምነት በሩጫ የተቀበለ ተማሪ ነገ በሒሳብም፣ በቋንቋም፣ በእጅ ሥራም መቀበሉ አይቀርም። «ሒሳብ በእኛ ቤት የለም» የሚለው ቃል «እኔ ሯጭ ሆኜ አልተፈጠርሁም» ከሚለው ቃል ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። የተፈጥሮ ስጦታ መኖሩን አልክድም፤ ሰዎች በቁመት እንደሚለያዩ በሳንባም ይለያያሉ። ነገር ግን ስጦታችን ምን ያህል እንደ ሆነ የምናውቀው በሥራ ከመረመርነው በኋላ ነው። ሳይዘጋጅ ሮጦ የወደቀ ሰው የወደቀው ስጦታው ይሁን ዝግጅቱ ሊለይ አይችልም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢያን ሆይ፣ በመንደራችሁ አቅራቢያ አንድ ዳገት ምረጡ። ነገ ማለዳ ልትሮጡት አትነሡ፤ ነገ ማለዳ በእርጋታ ውጡት፣ በእርጋታም ውረዱት፤ የት እንደ ደከማችሁ፣ የት ትንፋሻችሁ እንደ ተቆረጠ ልብ በሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጥቂት ጨምሩበት። ከሦስት ወር በኋላ ያው ዳገት ሲያጥርባችሁ ታዩታላችሁ፤ ዳገቱ ግን አንድ ስንዝር አልተቀነሰም።